ከባና ሥር

ድምፅ መቅረጫ ክፍሌ ባና ነው። ሁለት ወንበሮች ተራርቀው ቆመዋል፣ በላያቸው ሁለት ባና ተደራርቦ ተጥሏል፣ ሥሩ እኔና የእናቴ አክስት ተጎንብሰን ገብተናል። ስልኬ በመካከላችን ጭል ጭል ይላል። ከስልኩ በወጣው ቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ያለችውን ማይክ ሻሻቸው ጠርዝ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዣታለሁ። በጉ ከተሸለተ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ፣ ባናው ግን ዛሬም በግ በግ ይሸታል፤ በግ፣ ጢስና የከረመ ቅቤ። ሰማንያን ያለፉት አክስታችን ጉልበታቸውን አቅፈው ስልኩን እንዳላመኑት እንግዳ ያዩታል።

«ይኼ ነገር ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«ወደ ሰው ጆሮ ነዋ፣ እማ።»

«የማን ልጅ ጆሮ?»

መልስ አልነበረኝም። ለብድር ያስገባሁት ማመልከቻ ላይ «የታለመው አድማጭ» የሚል ርዕስ ነበረው፤ እዚያ ሥር ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ከሁለቱ ገጽ አንዷም ዐረፍተ ነገር እዚህ ባና ሥር አልሠራችም።

ባናውን ያመጣው ችግር ነው። መካነ ሰላም ስሟ የሰላም ሥፍራ ይሁን እንጂ ፀጥታ የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ የአዲስ መድኃኒት ቤት መከፈት እያወጀ ያልፋል፣ የእህል ወፍጮው ያጓራል፣ ዶሮው ከአዛኑ ጋር ይፎካከራል፣ ጎረቤት ቡና ይወቀጣል። ወደ ገጠር ወጥቼ ልቅረጽ ብል ደግሞ ነፋሱ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ አገር ነፋስ ጨርቅ እንደሚቀድ ሰው ማይክ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጂዎች እሱ በላቸው። አራተኛውን የበላሁት ራሴ ነኝ፦ አንድ አዛውንት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩልኝ ቀዩን ምልክት ሳልጫነው ቀርቻለሁ። «አብሽር፣ ነገ ደግሞ አወራሃለሁ» አሉኝ። በነጋታው አወሩኝም፤ ያው ሰው፣ ያው ታሪክ፣ ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ እየሳቁ የነገሩኝን ቦታ በቁም ነገር አለፉት። የጠፋው ሳቅ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።

* * *

ከደሴ መካነ ሰላም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ጉጉፍቱን ሲወጣ ውርጩ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ከዚያ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋ፣ ደግሞ የገብስ ማሳ። ወደ ምዕራብ በተሄደ ቁጥር መሬቱ እየተሰነጠቀ ይመጣል፤ አንዱ ስንጥቅ ወደ በሽሎ፣ ሌላው ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከገደሉ ማዶ ጎጃም ነው። ወደ ሳይንት በኩል ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው፣ ሰው ግን አሁንም የደንቆሮ ጫካ የሚለው አለ። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ ናቸው። በተረታችን ውስጥ ቀበሮ ሲያታልል ሰሚው ከሩቅ አገር የመጣ አውሬ አያስብም፤ ትናንት ከካቡ ሥር ያየውን ጎረቤቱን ነው።

እዚህ አገር ተወልጄ ነው ያደግሁት። ታሪክ ወደ መሸጥ የመጣሁት ግን በዙሪያ ጥምጥም ነው። አራት ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ መጠይቅ የሚያስሞላ መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ የማስታወቂያ ጽሑፍ ጻፍኩ፣ ኢንሹራንስ ሸጥኩ፤ መሐል ላይ ከወንድሜ ጋር ሲሚንቶ ነግደን ከስረናል። እናቴ ይኼን ሁሉ መንከራተት ነው የምትለው። ማመልከቻዬ ላይ «በተለያዩ ዘርፎች የካበተ ልምድ» ብዬዋለሁ። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ከሥራዎቼ ሁሉ ለዚህኛው ያዘጋጀኝ ያልጠበቅሁት ነው፤ መጠይቁ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ለቤት ስዞር ጥያቄው «ላም አለዎት?» ይላል። ሴትየዋ «ነበረችኝ» ይላሉ። እኔ «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደርጋለሁ። «ነበረችኝ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ግን የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነበረ፤ ላሟ በስንት እንደተሸጠች፣ ገዢው ከየት እንደመጣ፣ ገመዱን ለምን እንዳልሰጡት። ለዚህ ሳጥን አልነበረም። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ስጽፍ ተቆጣጣሪዬ «ቅጹን አታቆሽሸው» ብሎኛል። ልክ ነበር፤ ቅጹ ለሌላ ነገር የተሠራ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያሰብኩት ስለ ኅዳጉ ብቻ ነው።

ንግድ ፈቃድ ላወጣ የሄድኩበት ቢሮ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ባለሙያዋ ኮምፒውተሯ ላይ የዘርፎቹን ዝርዝር ወደ ታች እየሳበች «ተረት የሚል የለም» አለችኝ። «ማስታወቂያ ሥራ ላርግልህ?» አይደለም። «የሙዚቃ ሥራ?» አይደለም። «የባህል ዕቃ ሽያጭ?» ትንሽ አሰብኩበት። በመጨረሻ የድምፅና ምስል ሥራ በሚለው ተስማማን፤ ምስሉን ከየት እንደማመጣው ሁለታችንም አልጠየቅንም።

* * *

ዝርዝሩ አያውቀው እንጂ ወሎ ላይ በታሪክ መተዳደር የቆየ ሙያ ነው። ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ላሊበላ ነበር፤ ሐሚና የሚላቸውም አለ። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ነው የሚመጡት። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ከብቱ ሳይወጣ፣ በራችን ላይ ይቆሙና ያዜማሉ። የሚያዜሙትም ስለኛ ነበር፦ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ አጎቴ አዲስ የገዛውን በቅሎ፣ አረብ አገር የሄደችውን የአክስቴን ልጅ። ልጅ ሳለሁ ይኼን ሁሉ ከሰማይ ነው የሚያውቁት ብዬ እፈራቸው ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከመምጣታቸው በፊት ከጎረቤት ይጠይቃሉ። የማን ቤት ነው? ስንት ልጅ አለው? ማን ታሟል፣ ማን ተድሯል?

እስኪ ይኼን እንደ ነጋዴ እንየው። ላሊበላው በቅድሚያ ያጠናል። አድማጩን አንድ በአንድ በስሙ ያውቃል። የሚደርስበትን ሰዓት መርጧል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያለበት፣ ማንም ሥራ አለብኝ የማይልበት ሰዓት። ዋጋ አይተምንም፤ እስኪሰጠው ግን ዝም አይልም፤ ሲሰጠው ደግሞ መርቆ ይሄዳል። እህልም ይሁን ብር፣ ክፍያው በር ላይ ነው፣ ከሰሚው እጅ ወደ ተናጋሪው እጅ። መሐል ላይ የሚቀመጥ ድርጅት የለም። ካላዜሙ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባለው እምነት ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፎታል፤ ያው እምነት ግን ሰው እንዲሸሻቸውም አድርጓል። የሌሊቱን ዜማ የሚወድ ቤት ሁሉ ልጁን ለላሊበላ ልጅ አይድርም ነበር። ስለ ታሪክ ነጋሪ ክብር የሚጻፈውን ሳነብ ይኼ ትዝ ይለኛል።

የተረታችን መዝጊያ ራሱ ደመወዝ ጠያቂ ነው። ተራኪው ጨርሶ አፉ በዳቦ እንዲታበስለት የሚለው ለቀልድ ይመስለናል። እኔ አሁን አሁን እንደ ደረሰኝ ነው የማየው።

* * *

ታሪክ ከዚህ አገር ወጥቶ ሲሸጥ ግን ዳቦው ወደ በሩ አልተመለሰም።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያ አምባ ላይ ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከመጡት ጋዜጠኞች አንዱ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነበር። ስለ ሥራ መለዋወጥ የሚወራ ከሆነ ይኼ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም። ዌልስ ውስጥ በድሆች ማደሪያ ያደገ ልጅ ነው። በመርከብ ላይ አገልጋይነት ተቀጥሮ አሜሪካ ገባ፣ ኒው ኦርሊየንስ ሱቅ ሠራ፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ለደቡቡ ተዋጋ፣ ከተማረከ በኋላ ወደ ሰሜኑ ገባ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። ወደ ሐበሻ ሲመጣ ከኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ጋር የተስማማው እንዲህ ነበር፤ ወጪውን ራሱ ይችላል፣ ጋዜጣው የሚከፍለው ለጽሑፉ ነው። ዛሬ የአየር ሰዓት ገዝተው ስፖንሰር የሚፈልጉ ልጆቻችን ይኼን ውል ያውቁታል።

የስታንሊ ብልጠት ግን መቅደላ ላይ አልነበረም፤ ስዊዝ ላይ ነበር። ወደ ዘመቻው ሲሄድ እግረ መንገዱን የስዊዝን ቴሌግራፍ ሠራተኛ በገንዘብ ያዘው፤ ሲመለስ የሱ መልእክት ከሁሉም ቀድሞ እንዲላክለት። ተላከለት። የመቅደላን መውደቅ ዓለም የሰማው ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክት በፊት በስታንሊ ጽሑፍ ነው። ቋሚ ሥራ አገኘ፣ ስሙ ገነነ፣ ሊቪንግስተንን ፍለጋ ተላከ፣ በኋላም ለቤልጂጉ ንጉሥ ለሊዮፖልድ ኮንጎን ሲያቀና ኖረ። ስለ መቅደላ የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1874 በመጽሐፍ አሳተመው። ጦሩ ደግሞ በበኩሉ ከአምባው የወሰደውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን አጫረተው። ከዚያ 350 ያህል ብራና ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። አክስቴ «ወዴት ነው የሚሄደው» ሲሉ ይኼን ታሪክ ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ግን በዚህ አገር ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ለመናገር ይከብደኛል፤ የማከብረው ሰው ነውና። መሐመድ አሚን ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ ነው፤ ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው የኮረም ምስል የሱ ነው፤ ያኔ ኮረም ወሎ ነበረች። ምስሉ ዓለምን አንቀሳቀሰ፣ እህል መጣ፣ ከዚያ እህል የበላ ሰው ዛሬም መካነ ሰላም ገበያ ላይ ታገኛለህ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ሞተ። ክፉ ልናገረው አልችልም። ሆኖም ያ ምስል ፊት አለው እንጂ ስም የለውም። ከሺዎቹ ውስጥ «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ላሜ እንዲህ ትባል ነበር» ያለ ሰው አልሰማንም። ካሜራው ጥቂት ቀን ብቻ ነበረው፤ የላም ስም ደግሞ በጥቂት ቀን አይነገርም።

* * *

እኛው ለኛው ስንናገርስ? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሌላ ሙያ የመጡ ናቸው።

አእምሮ ጋዜጣን በምኒልክ ዘመን ያስጀመረው ካቫድያስ የተባለ ግሪካዊ ነጋዴ ነበር፤ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በሳምንት 24 ቅጂ ነበር የሚወጣው። ጳውሎስ ኞኞ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ግን አገሩን ሁሉ ጠያቂ አደረገው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ልጅ ሆነው ወላጅ አጥተዋል፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል፣ ኮሪያ ለዘመተው ቃኘው ጦር ሊያዝናኑ ተጉዘዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት በሕፃናት ፊት የተቀመጡት ይኼን ሁሉ ተሸክመው ነው። አርባ ዓመት ያለፈ ጊዜ ተረት ነገሩን። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ጎልማሳ ሁሉ አንድ ቀን በዚያ መስኮት ፊት መሬት ላይ የተቀመጠ ልጅ ነበር።

ብሩክታዊት ጥጋቡ አስተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን ስታቋቁም ባለቤቷ የሶፍትዌር ሰው ነበር፤ ስቱዲዮው የራሳቸው ቤት፣ የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች ከካልሲ የተሰፉ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ የምናያት ቀጭኔ እንዲህ ነው የተወለደችው። ባናዬን አይተው ሲስቁብኝ ካልሲውን እነግራቸዋለሁ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓለም አቀፉን የጃፓን ሽልማት አገኙ። ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ትኩረት የሚጠፋበትን ቅጽበት ጀርባውን ሰጥቶም ያውቀዋል፤ ይኼን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አይመስለኝም።

ለኔ ዓይነቱ ሥራ ቅርብ የሆነው ግን ሸገር ነው። መዓዛ ብሩ ከመንግሥት ሬዲዮ ነው የጀመረችው፤ በኋላ በኤፍ ኤም አዲስ 97.1 «ጨዋታ» የተባለውን ዝግጅት ይዛ ቀረበች። በ2000 ዓ.ም. ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሥራ ሲጀምር በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች አንዱ ነበር። አብሯት የነበረው አበበ ባልቻ የሕግ ሰውም የመድረክ ሰውም ነው፤ ብዙው ሕዝብ የሚያውቀው በ«ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀን ሆኖ ነው። የመዓዛ «የጨዋታ እንግዳ» ላይ አንድ ሰው ተወልዶ እስኪያድግ ሳምንት ያልፋል። እንግዳው ባለሥልጣን ይሁን ተዋናይ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሠፈሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ቄስ ትምህርቱ ነው። አትቸኩልም። ሰውየው ዝም ሲል ዝምታውን አትሞላበትም፤ ያቺ ዝምታ ደግሞ የሬዲዮ ሰው በተፈጥሮው የሚፈራት ነገር ናት። እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ» የዓለምን ታሪክ ሲተርክ እንደዚሁ ነው፤ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት እየነገረህ ጎረቤትህ የተጣላ ይመስልሃል።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ወጋየሁ ንጋቱ ነበር። ከመድረክ ወደ ሬዲዮ መጥቶ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ አባቴ የድንጋይ ባትሪውን ለዚያ ብቻ ነበር የሚቆጥበው። ዜናው ሲደርስ ያጠፋዋል። «ዜናውን ነገም ይነግሩናል» ይል ነበር።

* * *

አሁን ገንዘቡን እናንሳ፤ ሁሉም የሚሸሸው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ላይ መንገዱ የታወቀ ነው። ጣቢያ መክፈት ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድና ብዙ ካፒታል ይጠይቃል፤ ስለዚህ ትንሹ አዘጋጅ ከጣቢያ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ሰዓቱን ለስፖንሰር ይሸጣል፣ ልዩነቱን ይበላል። ስፖንሰሩ ቢራ ነበር፤ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ብዙ ዝግጅት አብሮ ደረቀ። ባንክና ሪል ስቴት ቀሩ። ባንኩ የሚፈልገው የባንክ ደንበኛ የሚሆን አድማጭ ነው። የድርቅና የላም ታሪክ ለዚያ አይመችም፤ ኢንሹራንስ ስሸጥ ስለነበር ይኼን ሳይነገረኝ አውቀዋለሁ። ለነገሩ ሞክሬያለሁ። አንድ የማርኬቲንግ ኃላፊ አምስት ደቂቃ ሰምቶ «ድርቁን አውጥተህ ተረቱን ብቻ ብትተወው?» አለኝ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ቡናም ጋብዞኛል።

መካነ ሰላም ላይ ስፖንሰር ማለት ያው ባለ ሞንታርቦው መድኃኒት ቤት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ እንደ ዝናቡ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እናውቃለን፤ መንገዱም የሚዘጋበት ቀን አለ። በኢንተርኔት የሚለቀቅ ነገር እዚህ ያለ ሰው ጋ ሳይደርስ ዋሽንግተን ይደርሳል። ያ መጥፎ አይደለም፤ ዋሽንግተን ያለው የቦረና ልጅ በዚህ ወሬ ያለቅሳል፣ ብርም ይልካል። እኔ ግን ታሪኩ ከተነገረበት ቤት ቀድሞ ሩቅ አገር መድረሱ አልዋጥልህ አለኝ። ስታንሊ ትዝ እያለኝ መሰለኝ።

መላው የተገኘው መናኸሪያው አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ልጁ ስልክ ይጠግናል፣ ካርድ ይሸጣል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሚሞሪ ይጭናል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይሰጠዋል፤ መንዙማ፣ መዝሙር፣ የሠርግ ዘፈን፣ እያስመረጠ ይሞላለታል። ኔትወርክ አያስፈልግም። ሰውየው ያንን ይዞ ሁለት ሰዓት በእግሩ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ማታ ለጎረቤት ያስደምጣል፣ ጎረቤቱ በብሉቱዝ ይወስዳል። እኔና ልጁ ተስማማን፤ የኔን ታሪክ በጫነ ቁጥር አሥር ብር፣ ስድስቱ የኔ፣ አራቱ የሱ። ከኔ ስድስት ሁለቱ ለተራኪው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰላሳ አንድ ሚሞሪ ጫንን። ከአእምሮ ጋዜጣ በሰባት እበልጣለሁ።

በዚህ ሰው አይኖርም፤ ይኼ ግልጽ ይሁን። ሰላሳ አንድ ጊዜ ስድስት ከመቶ ዘጠና ብር አይደርስም፤ ከዚያ ላይ የተራኪው ሲነሳ የባና ኪራይ አይሸፍንም። አሁንም ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው የምበላው፤ ምናልባት ሁልጊዜም እንዲሁ ይሆናል። ሲሚንቶ ስንነግድ ግን አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ ዱቤ የሚያከስርህ ገዢውን ሳታውቀው ነው። ሰላሳ አንዱን ሰው በመልክ አውቃቸዋለሁ። ከነሱ አራቱ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጥተው «የኛ ቀበሌ ሰውዬ አለ፣ ከዚህ የሚበልጥ የሚያወራ» ብለውኛል። አንደኛው የተቆጣ ነበር። አዛውንቱ ስለ አያቱ የተናገሩት ልክ አይደለም ብሎ፣ ቁጭ አድርጎ ሌላውን ታሪክ ነገረኝ። እሱንም ቀዳሁት። አሁን ሁለቱም አንድ ሚሞሪ ላይ ተከታትለው አሉ፤ ሰዉም እየሰማ ይከራከራል።

* * *

ወደ ባናው ልመለስ።

አክስቴ ለጥያቄያቸው መልስ ስላጡ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እንደ መዓዛ ልሁን ብዬ እኔም ዝም አልኩ፤ ስላልቻልኩበት ግን ቶሎ ተሸነፍኩ። ስለ ሱቁ ልጅ ነገርኳቸው። ማን እንደሚያስጭን፣ ወዴት ይዞት እንደሚሄድ፣ የማን ቀበሌ ሰው እንደሆነ። ስም በስም። የሁለቱን አባት አወቋቸው። ከአንዱ እናት ጋር ደግሞ በሰባ ሰባት እርዳታ ለመቀበል አብረው ሄደው ነበር፤ አንድ ጣሳ ሽሮ ለሁለት ተካፍለዋል።

«እሷ ትሰማዋለች ማለት ነው?»

«ልጇ ይዞላታል።»

ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ማይኳ ኮሸሸች። በቢስሚላህ ጀመሩ። ስለ በልጉ መቅረት፣ ከዚያ ስለ ክረምቱ መቅረት፣ አጎታችን በጎቹን አንድ በአንድ እንዴት እንደነዳቸው፣ መጨረሻ ላይ ላሚቱ እንዴት እንደቀረች። ገበያው ላይ ከሰው የከብቱ ቁጥር ይበልጥ እንደነበር። ገዢው ጥርሷን ሲያይ ፊታቸውን እንዳዞሩ። ገመዷን ፈትተው ይዘው እንደተመለሱ፣ ገዢውም የራሱን ገመድ ከሱቅ እንደገዛ። ሰላሳ ስምንት ደቂቃ። ውጭ ባጃጁ ሁለቴ አለፈ፤ ባናው አንዱን ዋጠው፣ አንደኛው ትንሽ ይሰማል።

ሲጨርሱ ላስደምጣቸው አልኩ። የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሰሙ፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ ባናው ይሞቃል። አንዴም ፈገግ አላሉ። ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ሲደርሱ ስልኩን ከጆሯቸው አነሱት።

«አቁመው።»

አቆምኩት።

«ዳልቻ ብያለሁ። ዳልቻ እናቷ ናት። የተሸጠችው ዛጎል ነበረች።» ስልኩን መለሱልኝ። «ከመጀመሪያው ድገመው።»